የሽምጥ ፊተኛ ወንበር

ኪሩቤል ተስፋሁን ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የሚያየው የልብ ምቱን የሚለካውን የእጁን አምባር ነው። ቢሾፍቱ ውስጥ ሁሉም ሰው እንደዚያው ነው። አምባሩ አረንጓዴ ከሆነ አልጋው ራሱን ወደ ወለሉ ዝቅ አድርጎ ያወርደዋል። ቢጫ ከሆነ አልጋው አይነቃነቅም፤ ልቡ እስኪሰክን እዚያው ተጋድሞ ይጠብቃል። ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው ከጉልበቱ ከፍ ካለ ቦታ ብቻውን እንዲወርድ አይፈቀድለትም።

በር ላይ ጎረቤቱ ተዋበች አገኘችው።

«ጋሼ፣ ልብዎ እንዴት አደረ?»

«ስልሳ አራት፣ ተመስገን። የአንቺስ?»

«ሰባ ስምንት።» አንገቷን ደፋች። «ሕልም አይቼ ነው።»

«አይዞሽ፣ ያልፋል» አላትና ዓይኑን ቶሎ ከእጇ ላይ አነሳ። የሰው አምባር ላይ ማፍጠጥ ነውር ነው።

ዘመኑ 2085 ዓ.ም. ነው። ከሁለተኛ ፎቅ በላይ የሚከፈት መስኮት የለም። መሰላል የሚወጣ ሰው ሁለት ምስክር ያስፈርማል። ሕፃናት ዥዋዥዌን የሚያውቁት በሥዕል ነው። ሰውን ሆን ብሎ ማስደንገጥ ያስከስሳል። አውቶቡስ የሚነሳው የተሳፋሪው ሁሉ አምባር አረንጓዴ ሲሆን ብቻ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋትም ከኪሩቤል ፊት የተቀመጠ የአንድ ጎልማሳ አምባር በድንገት ቢጫ ሆነ። አውቶቡሱ ቆመ። አንድ ለስላሳ ድምፅ «እባክዎ ይረጋጉ» አለ። ተሳፋሪው ሁሉ እንደ ወጉ ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ። ሰውየው ጥቂት ታገለ፣ አላበው፣ ከዚያ ማንንም ሳያይ ወርዶ ሄደ። ምን ትዝ ብሎት እንደሆነ የጠየቀ የለም።

እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ ነው እንግዲህ ኪሩቤል በድሮ መጫወቻዎች ፍቅር ያበደው። ሠላሳ ዓመት የመሬት መዝገብ ቤት ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ሚስት ያላገባ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ሳሎኑ ውስጥ ከሶፋው ይልቅ ቦታ የያዘው ቀለሙ የተላጠ የእንጨት ፈረስ ነው፤ በዘመኑ ክብ እየዞረ ሕፃናትን ሲሸከም የኖረ። ከግድግዳው ላይ እርስ በርስ የሚጋጩ የመጫወቻ መኪኖች መሪ ተሰቅሏል። እንግዳ ከመጣ መሪውን አውርዶ ያስይዘዋል። «የመሪው ጎማ የት ጋ እንዳለቀ አየህ? ሁሉም ሰው ወደ ግራ ነበር የሚጠመዝዘው፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም» ይላል፣ ዓይኑ እያበራ።

ከሁሉም አስበልጦ የሚወደው ግን ሽምጥን ነበር።

ሽምጥ ከሐይቁ ዳር በጮራ መናፈሻ ውስጥ የቆመ ሮለር ኮስተር ነው፤ ሽቅብ ተጎትቶ ቁልቁል የሚምዘገዘግ የመጫወቻ ባቡር። ባሕር ማዶ ሠላሳ ዓመት ከሠራ በኋላ ተፈታትቶ፣ በኮንቴይነር ተጭኖ መጥቶ በ2034 ዓ.ም. ተተከለ። ሦስት ፉርጎ፣ አሥራ ሁለት ወንበር፣ ሃያ አራት ሜትር ቁልቁለት። ኪሩቤል ብሎኖቹን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። ፉርጎዎቹ ሽቅብ ሲጎተቱ ከሥር ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ሰው የሰንሰለቱ ድምፅ ይመስለዋል። አይደለም። ሰንሰለቱ ቢበጠስ ባቡሩ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ጥርስ በጥርስ እየነከሰ የሚወጣ ብረት ነው። «ያ ድምፅ ፍርሃት ይመስላል እንጂ የሚያስፈራ አልነበረም። 'ይዤሃለሁ፣ ይዤሃለሁ' ማለት ነው» እያለ ያስረዳል ኪሩቤል።

ሽምጥ መሥራት ካቆመ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል። አሁን የመውደቅን ስሜት የሚፈልግ ሰው ቤቱ ባለው የማስመሰያ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ወንበሩ ያወርደዋል፣ አምባሩ ቢጫ ሊሆን ሲል ደግሞ ቀስ አድርጎ ይመልሰዋል። ከሠላሳ ዓመት በታች የሆነ ሰው ሆዱ ከላይ ቀርቶ እሱ ወርዶ አያውቅም።

ስለዚህም በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ በድሮ መጫወቻ ወዳጆች ማኅበር አዳራሽ ኪሩቤልን ሊሰሙ ሰዎች ይመጣሉ። እሱም ቆሞ ይናገራል።

«ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ ቀን ነው። አባቴ ለልደቴ የመክፈቻውን ቀን ፊተኛ ወንበር አስያዘልኝ፣ ወንበር ቁጥር አንድን። ጫፍ ላይ ስትደርሱ ሰንሰለቱ ዝም ይላል። ዝምታው ነው እንግዲህ! ሐይቁ ከእግራችሁ ሥር ተዘርግቷል። ከዚያ መቀመጫችሁ ከወንበሩ ይለቃል። እጆቼን ወደ ላይ ዘረጋሁ። አልጮህኩም።»

«አልጮህኩም» ሲል የአዳራሹ አምባሮች ሁሉ ቢጫ ይሆናሉ። ወጣቶቹ እየሳቁ፣ እያፈሩ፣ «ይድገሙልን ጋሼ» ይሉታል። ይደግምላቸዋል።

ኪሩቤል ግን በሽምጥ ተሳፍሮ አያውቅም።

የሆነው እንዲህ ነው። በመክፈቻው ቀን አባቱ ካሜራውን ይዞ መውጫው በር ላይ ቆመ። ኪሩቤልን በሰልፉ ይዛው የወጣችው በሦስት ዓመት የምትበልጠው እህቱ ሶልያና ናት። መሳፈሪያው ላይ ሲደርሱ ኪሩቤል ወንበሩን አየና እግሩ ከዳው። አለቀሰ። አስተናባሪው «ቶሎ በሉ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» ሲል ሶልያና ዘላ ገባች፤ ብረቱ ጭኗ ላይ ወረደ፣ ባቡሩም ሄደ። ባቡሩ ተመልሶ ሲቆም ኪሩቤል በጎን ደረጃ ሮጦ አባቱ ጋ ደረሰ። አባቱ ብድግ አድርጎ ወደ ሰማይ ወረወረውና ቀለበው። «የኔ አንበሳ! ፊተኛው ወንበር ላይ! እንዴት ነበር?» አለው። ኪሩቤል «አልጮህኩም» አለ። ሶልያና ከኋላ መጥታ ቆማ ነበር። ሰማች። ምንም አላለችም።

ከዚያ ወዲያ ሃምሳ አንድ ዓመት አለፈ።

በዚህ ዓመት ጥር ላይ የከተማውን ደህንነት የሚቆጣጠረው የሥጋት ቢሮ ሽምጥ እንዲፈርስ ወሰነ። ማኅበሩ ለመነ፣ ደብዳቤ ጻፈ፣ ደጅ ጠና። በመጨረሻ አንድ ነገር ተፈቀደ፤ ከመፍረሱ በፊት ባቡሩ አንዴ ይሂድ። የሚሳፈሩት ግን በዘመኑ የተሳፈሩ ሰዎች ብቻ ናቸው፤ መውደቅን አካላቸው አስቀድሞ ያወቀው። ለእነሱ የልብ ምርመራ አያስፈልግም ተባለ። ቢሮው ከድሮው መዝገብ የተረፈውን የመክፈቻ ቀን ገጽ አገላብጦ በሕይወት ያሉ አሥራ አንድ ሰዎች አገኘ። ከዝርዝሩ አናት ላይ፣ «ወንበር ቁጥር አንድ፣ ኪሩቤል ተስፋሁን» ይላል። ኪሩቤል ቢሮው ድረስ ሄዶ «ተሳፍሬ ወርጃለሁ» ብሎ ፈረመ። ሲፈርም አምባሩን እጅጌው ውስጥ ደብቆ ነበር።

በሳምንቱ ሶልያና ከዱከም መጣች። ቀጠን ያለች፣ ፈጣን አነጋገር ያላት፣ የጡረታ ዕድሜዋን ልብስ ስፌት በማስተማር የምታሳልፍ ሴት ናት። ሶፋው ላይ ተቀምጣ የእንጨቱን ፈረስ ጆሮ እየዳሰሰች ወደ ጉዳይዋ ገባች።

«ኪሩ፣ እኔም አመልክቼ ነበር። 'ስምሽ በመዝገብ የለም' አሉኝ።»

«እ...»

«አይኖርማ። የተያዘው በአንተ ስም ነው። አንተ 'በእኔ ፋንታ የወጣችው እሷ ናት' ብለህ ከፈረምክልኝ ግን ይበቃል ብለውኛል። አንዲት መስመር ናት። እስከ ሐሙስ።»

ኪሩቤል ተነስቶ የመሪውን አቧራ መጥረግ ጀመረ። «በዚህ ዕድሜሽ ምን ያደርግልሻል እቴቴ? ልብሽስ ይችለዋል?»

«ከአንተ ልብ ይሻላል» አለችው።

ተቆጥታ አልነበረም። እውነት ስለሆነ ብቻ ነው ያለችው። ይህ ደግሞ ይበልጥ አቃጠለው። አምባሩ ቢጫ ሲሆን እጁን ከመሪው ጀርባ ሸሸገ፤ አይታለች፤ አይታም ወደ ፈረሱ ዞረች።

«አንዴ ልወርድ እፈልጋለሁ፣ በቃ» አለች ቆይታ። «ለማንም አላወራም። ወሬህን አልነካብህም። ወረቀቱን ቢሮው እንጂ ማኅበርህ አያየውም።»

«አየዋለሁ።»

«አየዋለሁ ማለት?»

«እፈርማለሁ ማለቴ ነው።»

ግንባሩን ስማው ሄደች።

ማክሰኞ ቅጹን ከፈተ። «በእኔ ፋንታ» ብሎ ጽፎ አጠፋው። ማኅበሩ አያየውም ማለቷ እውነት ነው? ዝርዝሩ በይፋ ይወጣል፤ የእሱ ስም ወጥቶ የእሷ ይገባል፤ የማኅበሩ ሊቀመንበር ወይዘሮ ኤልዳና ደግሞ ዝርዝሩን ቃል በቃል የምታነብ ሴት ናት። ረቡዕ እንደገና ከፈተው። ያ አዳራሽ፣ እነዚያ ወጣቶች፣ «ይድገሙልን ጋሼ» የሚለው ድምፅ ታየው። ሌላ ምን አለው? ፈረስና መሪ። ሐሙስ ጠዋት ሐይቁ ዳር ሄዶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀመጠ። ስልኩ አንዴ ጠራ፤ እቴቴ ይላል። አላነሳውም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ምዝገባው ተዘጋ። ሲዘጋ የተሰማው ነገር እፎይታ ነበር፤ በኋላ ከሁሉም በላይ ያፈረው በዚህ እፎይታ ነው።

ራሱን ያጽናናው እንዲህ ብሎ ነው፤ ቅዳሜ እወጣለሁ። እወርዳለሁ። ያኔ ወሬው እውነት ይሆናል፣ ትንሽ ዘግይቶም ቢሆን።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሦስት መቶ ያህል ሰው ከአጥሩ ውጭ ተሰብስቧል። አሥራ አንዱ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በሰልፍ ወጡ። ከመሳፈሪያው በላይ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሎ የእያንዳንዳቸውን የልብ ምት ያሳያል፤ ቢሮው ያለዚያ አልፈቀደም። ማሽኑን የሚነዳው ጋሽ ሮባ የሚባል የሰባ ስምንት ዓመት ሰው ነው፤ ሽምጥ በቆመበት ቀን የመጨረሻውን ፍሬን የያዘ። ሐዲዱን ሁለት ወር ሙሉ ቅባት ሲያጠጣ ከርሞ እጁ ጥቁር ነው።

«ፊተኛው የማነው?» አለ ጋሽ ሮባ።

«የኔ ነው» አለ ኪሩቤል።

ተቀመጠ። ወንበሩን ስንት ጊዜ ለክቶታል፣ ስንት ጊዜ ጠርጎታል፣ አንድም ቀን ግን አልተቀመጠበትም። የጭኑ ብረት ወረደና ቀጭ አለ። ከፊቱ ምንም ነገር የለም፤ ሐዲድና ሰማይ ብቻ። የኋላ ፉርጎ ላይ አንዲት አሮጊት ትስቃለች። ሰሌዳው ላይ ስሙ ፊት ለፊት ያለው ቁጥር ዘጠና ስምንት ነበር፣ መቶ አሥራ ስምንት ሆነ፣ መቶ ሠላሳ አንድ። ቢጫ። ከዚያ ከተማው ውስጥ ሰው ዓይቶት የማያውቀው ቀይ።

ሕዝቡ ጨዋ ሕዝብ ነው። ሦስት መቶ ሰው ባንድ ጊዜ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። ኪሩቤል ከላይ ሆኖ የሚያየው ጆሮና ማጅራት ብቻ ሆነ። በዚያ ሁሉ ማጅራት መካከል አንድ ፊት ብቻ ወደ እሱ አቅንቷል። ሶልያና አጥሩን በሁለት እጇ ይዛ በቀጥታ ታየዋለች።

«አውርደኝ» አለ ኪሩቤል።

«ምን አልክ ወንድሜ?» አለ ጋሽ ሮባ ጎንበስ ብሎ።

«ብረቱን አንሳልኝ። አልችልም።»

ጋሽ ሮባ ብረቱን አነሳለት። ኪሩቤል ወደ መድረኩ ወረደ። የሥጋት ቢሮው ወጣት፣ በላይነህ የሚባለው፣ ፈጥኖ መጥቶ ክንዱን ያዘ።

«ምንም አይደል ጋሼ፣ የዕድሜ ነገር ነው» አለው በትሕትና። «ያኔ ልጅ ነበሩ፣ አሁን አካል ይለወጣል። 'በጤና ምክንያት ቀርተዋል' ብለን እንመዘግባለን። ማንም አይታዘብዎትም።»

የማምለጫ በር ተከፍቶለት ነበር። አንድ ቃል፣ «እሺ» ብቻ ቢል ኪሩቤል ያው ኪሩቤል ሆኖ ወደ አዳራሹ ይመለሳል። ሊላት አፉን ከፈተ። «እ» ድረስ ወጥታ ነበር።

«ያኔም አልወጣሁም» አለ።

«ይቅርታ ጋሼ?»

ኪሩቤል የወይዘሮ ኤልዳናን ድምፅ ማጉያ ከእጇ ወሰደ። «ሽምጥ ላይ ተሳፍሬ አላውቅም» አለ። «በመክፈቻው ቀን ፈርቼ አልቅሻለሁ። የወጣችው እህቴ ናት፣ ሶልያና ተስፋሁን። ስትነግሩኝ... ስነግራችሁ የኖርኩት ውሸት ነው። ወንበሩ የሷ ነው። ይኸው አጥሩ ጋ ቆማለች። እንድፈርምላት መጥታ ለምናኝ ነበር፣ እፈርማለሁ ብዬ ከዳኋት። እባካችሁ አስገቧት።»

ማንም አልዞረም። የሚያፍርን ሰው አለማየት ወግ ነው፤ እነሱም ወጉን ጠበቁ። ወይዘሮ ኤልዳና ብቻ ማጉያውን ቀስ ብላ ተቀብላ አጠፋችው።

በላይነህ ሰሌዳውን አየ፣ ደንቡን ገለጠ፣ አነበበ። ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረበትም። «የሐሰት ቃል የተሰጠበት ወንበር ባዶውን ይሄዳል፤ ምትክ አይገባበትም» አለ። «ምዝገባው ደግሞ ሐሙስ ተዘግቷል።»

«ጥፋቱ የኔ ነው እኮ ልጄ! እኔን ክሰሱኝ፣ እሷን አስገቧት!»

«ገብቶኛል ጋሼ። ግን ሐሙስ ነበር።»

ጋሽ ሮባ ወጣቱን አየ፣ ኪሩቤልን አየ፣ ማንሻውን ገፋ። ባቡሩ ተነሳ። ፊተኛው ወንበር ባዶ፣ ከኋላው አሥር ሰው። ቀጭ ቀጭ እያለ ሽቅብ ወጣ፣ ጫፍ ላይ ደረሰ፣ ዝም አለ። ከዚያ ወረደ። አሥሩም ጮኹ። አንድ እንኳ ሳይቀር ጮኹ፣ እንደ ሕፃን፣ አፋቸውን ከፍተው። ኪሩቤል ያንን ጩኸት በሕይወቱ የሰማው ሁልጊዜ መሬት ላይ ቆሞ ነው።

አንድ ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ ፈጀ። አለቀ።

ወደ ቤት የሚመልሰው አውቶቡስ ኪሩቤልን አላስገባም፤ አምባሩ አልሰከነም። ፌርማታው ላይ ቁጭ አለ። የማኅበሩ ሰዎች በአጠገቡ እያለፉ ወደ አውቶቡሱ ገቡ። እሱን ሲሰማ የኖረው ወጣት ሁሉ በጥንቃቄ እግሩን አልፎት ሄደ። ሶልያና ግን ልትሳፈር ስትል ተመለሰችና ከጎኑ ተቀመጠች። በሩ ተዘጋ።

«ሂጂ እንጂ እቴቴ። ይመሽብሻል።»

«ገና ስድስት ሰዓት ነው።»

ኪሩቤል «ይቅርታ» የሚለውን ቃል ደጋግሞ በልቡ ሞከረው፤ ሁሌም ትንሽ ሆነበት።

«ያንን ሁሉ ዓመት ሳወራ ሰምተሽ ለምን ዝም አልሽኝ?» አለ በመጨረሻ።

«አባባ ብድግ ሲያደርግህ አይቼ ነዋ። ከዚያ ወዲያ ምን ልል?» ነጠላዋን አስተካከለች። «በወሬህ አልተናደድኩም። ማኅበርህ ሲያሰራጨው ሁሉንም ሰምቼዋለሁ፤ ጥሩ አድርገህ ነው የምታወራው። የገረመኝ ሌላ ነው። በሃምሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ 'እንዴት ነበር?' ብለህ አልጠየቅኸኝም።»

ኪሩቤል ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ስለ ሽምጥ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ስንት አገር ደብዳቤ ጽፏል። የሞቱ ሰዎችን ማስታወሻ ገዝቶ አንብቧል።

«እንዴት ነበር?» አለ ከመዳፉ ሥር።

ሶልያና ወደ እሱ ዞረች።

«ሰንሰለቱ ሲያወጣኝ ወደ ታች ዞሬ አየሁህ» አለች። «ምሰሶ አቅፈህ ቆመሃል፣ ሰው ይገፋሃል። 'ይሄ ልጅ ቢጠፋብኝ ለአባባ ምን እለዋለሁ?' እያልኩ ነው ጫፍ የደረስኩት። ሐይቁ አለ ትላለህ፣ ሐይቁን አላየሁትም። ስወርድም የወደቅኩ አልመሰለኝም፤ ወደ አንተ የምሮጥ ነው የመሰለኝ። የራሴን ስም ረስቼ ስምህን እየጮህኩ ነው የወረድኩት። ስንቆም ዘልዬ ወርጄ ብፈልግህ የለህም። ለካ አባባ ጋ ደርሰሃል።»

ትንሽ ሳቀች፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀባት።

«ለዚህ ነው የፈለግኩት ኪሩ። አንዴ እንኳ ስላንተ ሳላስብ ልወርድ ብዬ ነበር።»

ሌላ አውቶቡስ መጣ። ተነስታ ገባች፤ ደህና ሁን አላለችውም።

ሽምጥ ሰኞ መፈታት ጀመረ። ማኅበሩ የኪሩቤልን ስም ከአባላት ዝርዝር አወጣ፣ ንግግሮቹንም ሰረዘ፤ እሱም አልተቃወመም። የሐዲዱን መፈታት ሊያይ አልሄደም። በማግስቱ ልቡ እስኪሰክን ሦስት አውቶቡስ ካመለጠው በኋላ ዱከም ወረደና የእህቱን በር አንኳኳ።

ሶልያና ከፈተች። ረጅም ጊዜ አየችው። ግባ አላለችውም። ወደ ውስጥ ተመለሰችና ሁለት ዱካ ይዛ ወጣች፤ አንዱን ለእሱ ሰጠችው፣ በሌላው ራሷ ተቀመጠች። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ደጁ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቆዩ።